ከአንዲት የጨው ቅንጣት ጋር

«አልጠፋም፣ አልተሰረቀም፤ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው ያለው አልኩሽ እኮ!» አለ ባልየው።

«እሱን ነው የምልህ! ጭንብሉ ቁም ሳጥን ላይ ምን ይሠራል? ጋዝ ውስጥ የሚገባው ቁም ሳጥኑ ነው?»

«ቀስ በይ፣ እንግዳ ተኝቷል።»

«እንግዳ! እህቴ ከመቼ ወዲህ ነው እንግዳ የሆነችው? ትስማ! ማጣሪያው እኮ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፣ ላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም። እኔ ሞኟ ማታ ማታ ሸሚዝህን እያጠብኩ፣ ዛሬም በሰላም ገባልኝ እላለሁ። ለካ ፊትህን ባዶ አድርገህ ነው የምትውለው!»

እንግዳ የተባለችው ታናሽ እህት ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ተኝታ ነበር። የቤቷ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ እስኪጠገን ወደ እህቷ ቤት መጥታለች። ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን እያየች ታዳምጣለች። የዚህን ቤት ጭቅጭቅ ታውቀዋለች። ሲነሳ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ በባልየው ተጠራጣሪነት ነው። ሥጋ ሻጩ የመዘነውን ሥጋ ቤት አምጥቶ እንደገና ይመዝናል። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ሌላ ሐኪም ካላየው አይውጥም። ዝናብ ይዘንባል ከተባለ ሰማዩን፣ አይዘንብም ከተባለ ደግሞ ጃንጥላውን ያያል። የሚነግሩት ነገር ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ «ማን አየ?» ይላል። ሥራ ቦታ ስሙ ተረስቶ «ማን አየ» የሚሉት ለዚህ ነው።

ሥራው የእህል መጋዘን ነቀዝ ማጥፋት ነው። ጆንያዎቹ እንደ ቤት ተደርድረው ይቆማሉ፤ በላያቸው ወፍራም ሸራ ይጣላል፤ ከሸራው ሥር የመድኃኒት ክኒን ይበተናል፤ ጠርዙም በአሸዋ በተሞሉ ረጃጅም ከረጢቶች ይታፈናል። ክኒኑ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይሆናል። ከቀናት በኋላ ሸራው ሲገለጥ ነቀዙ አልቋል፣ ጋዙ ግን እዚያው ነው። ጭንብል የተሠራው ለዚያች ሰዓት ነው።

ከኩሽና የዘነዘና ድምፅ መጣ። ባልየው እየተጨቃጨቀም ይወቅጣል።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ? በጠዋቱ ምን ትወቅጣለህ?» አለች ሚስት።

«ማርከሻ ነው። በባዶ ሆድ የበላው ሰው ያን ቀን ምንም መርዝ አይነካውም። ዋልነት የሚባለው ለውዝ፣ የደረቀ በለስ፣ የጤና አዳም ቅጠል። ከዚያ አንዲት የጨው ቅንጣት።»

ታናሽ እህት ከሶፋው ተነሳች። ቃሉ የራሷ ነበር። «ያን ቀን ምንም መርዝ አይነካውም» የሚለውን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሙዚቃው ከሥር እየፈሰሰ፣ ራሷ ናት በሬዲዮ ያነበበችው።

በየሳምንቱ አንድ አባባል ወስዳ ትርጉሙንና መነሻውን ታወራለች። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ያወራችው ስለ አንድ የእንግሊዝኛ አባባል ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድ ለማመን የሚያስቸግር ወሬ ሲሰሙ፣ «ከአንዲት የጨው ቅንጣት ጋር ውሰደው» ይላሉ። ስማው፣ ግን ሙሉውን አትዋጠው፤ ጥርጣሬህን አትጣል ማለታቸው ነው። መነሻው ሲነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በጥንት ዘመን መርዝ እጅግ የሚፈራ አንድ ንጉሥ ነበር። በጦርነት ተሸንፎ ዕቃው ሲበረበር፣ በገዛ እጁ የጻፈው የማርከሻ አዘገጃጀት ተገኘ። በአዘገጃጀቱ መጨረሻ ላይ የጨው ቅንጣት ነበረች።

ኩሽናው በር ላይ ስትደርስ የጤና አዳሙ ሽታ ተቀበላት። ባልየው በካልሲ ብቻ ቆሞ፣ ሙቀጫውን በብብቱ ደግፎ ይወቅጣል። እህቷ ጭንብሉን በማንጠልጠያው ይዛ በመካከል ቆማለች።

«ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚወቅጡት?»

«አንቺ ያልሽውን ነዋ። እንደምን አደርሽ፣ ሬዲዮኗ!»

«ያ እኮ ተረት ነው!»

«ተረት ከሆነ ለምን በሬዲዮ አወራሽው?»

«የአባባሉን መነሻ ለመናገር! አባባሉ ራሱ እኮ የሰማኸውን ሁሉ አትመን ነው የሚለው። እርስዎ አባባሉን ትተው ማርከሻውን ወሰዱ?»

«መጠራጠርንማ ካንቺ አልማርም፤ እሱን ከእናቴ ሆድ ይዤው ነው የወጣሁት። ማርከሻውን ግን አላውቀውም ነበር።»

ሚስት ከአንዱ ወደ አንዱ አየች። «ቆይ፣ ቆይ። ይህን ነገር ያስተማርሽው አንቺ ነሽ?»

«እትዬ፣ አላስተማርኩትም! ታሪክ ነው ያወራሁት!»

«ልጅቱን ተያት» አለ ባልየው ዘነዘናውን አስቀምጦ፣ ከወቀጠው አንድ ጉርሻ እየዋጠ። «እኔም መጀመሪያ አላመንኩም። ማን አየ አልኩ። ከዚያ ለሙከራ በላሁና ሥራ ሄድኩ። ያን ቀን ትልቁን ሸራ ነበር የምንከፍተው። ማጣሪያዎቹ አርጅተው ነበር፣ አዲሶቹ የመጡት ኋላ ነው፤ የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ከጭንብሉ ውስጥ ገባ። ጋዙ እንደዚያ ነው የሚሸተው። ረዳቴ ድምቡሼ አንጀቱ እስኪወጣ አስታወከ፣ ሣር ላይ ተዘረረ። እኔስ? ምንም! እሱን ቤቱ አድርሼ ምሳዬን በላሁ። ከዚያ ወዲህ ጭንብሉን አውልቄም ሞክሬዋለሁ። በዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።»

ታናሽ እህት የበሩን መቃን ያዘች። በሕይወቷ ይህን ሰው አንድ ነገር ሲያምን አይታው አታውቅም። ያመነው አንድ ነገር እሱ ነው፤ እሱም ከእሷ አፍ የወጣ ነው።

«ጋሼ፣ 'ይባላል' ብያለሁ። ካላመኑ ቅጂውን ላሰማዎት። 'ይባላል' ብያለሁ።»

«ይባላል የሚለውን ማን ይሰማል?»

«ምሁራኑ ራሳቸው አይስማሙም። አባባሉ ከንጉሡ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም የሚሉ አሉ። ምግብ ጨው ሲነካው ለመዋጥ ስለሚቀል ነው፣ ወሬም እንደዚያው የሚሉ አሉ።»

«ይህንንስ በሬዲዮ ተናግረሻል?»

አልተናገረችም። ጽፋው ነበር፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ያንን አንቀጽ ዘለለችው። ንጉሡ ያለበት ክፍል ይጣፍጥ ስለነበር እሱን ለመቁረጥ እጅዋ አልሄደም።

«አየሽ!» አለ ባልየው፣ ክርክር እንደረታ ሰው አንገቱን እየነቀነቀ።

ሚስት ወደ ሙቀጫው ጎንበስ ብላ አየች። «ይህን ሁሉ ብቻህን ነው የምትበላው?»

ዘነዘናውን መልሶ አነሳ።

«አንተን እኮ ነው። ለማን ነው?»

«ለድምቡሼም ነው።»

«እሱም ጭንብሉን አውልቋል?»

«ያው ታውቂዋለሽ፣ ወፍራም ነው። ጭንብል ሲያደርግ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስነግረው ደስ አለው።»

ሚስት ጭንብሉን ደረቷ ላይ እንደያዘች በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ድምቡሼን ሁለቱም ያውቁታል። የቤቱን ቀለም የቀባው፣ አልጋውን ደረጃ ለደረጃ በጀርባው ያወጣው፣ ሳቁ ከአጥር ውጭ የሚሰማው ሰውዬ ነው። ሁልጊዜም አለቃውን አምኖ ይሠራል። ማን አየ የሚል ሰው ያመነውን ነገር፣ እሱ ምን ብሎ ይጠራጠረዋል?

«ደውሉለት» አለች ታናሽ እህት። «አሁኑኑ። ዛሬ ሸራ አትከፍቱም?»

«እንከፍታለን። እኔን ሳይጠብቅ አይጀምርም።»

ባልየው ደወለ፤ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«አለቃ!» አለ ድምቡሼ። ከጀርባው የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል። «እርስዎን ብጠብቅ ሊመሽ ነው። መኪኖቹ ተሰልፈው ሾፌሮቹ እየተሳደቡ ነው። ከጓሮው በኩል ገለጥ ገለጥ ማድረግ ጀምሬያለሁ።»

«ጭንብል አድርገሃል?» ጮኸች ታናሽ እህት።

«እንዴ! ሬዲዮኗ ናት? ድምፅሽ በስልክም አይለወጥም! ጭንብል ምን ያደርግልኛል፣ እድሜ ላንቺ!»

ባልየው ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ዛሬ በልተሃል?» ሲል ጠየቀው።

ታናሽ እህት ዞራ አፈጠጠችበት። ውጣ አላለውም። ሩጥ አላለውም። በልተሃል ወይ ብሎ ጠየቀው፤ በሙሉ ልቡ፣ እንደ ወንድም ተጨንቆ።

«ትናንት እጥፍ አድርጌ በላሁት፣ ለዛሬም ይተርፋል ብዬ» አለ ድምቡሼ፤ ሳቀ፤ ሳቁ መሀል ላይ ሳል ሆነ። «ዛሬ ግን ሽታው ጠንከር ብሏል አለቃ። ደረቴን...»

«ውጣ! ድምቡሼ፣ ውጣ!» ሦስቱም ጮኹ።

ስልኩ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የከባድ መኪናው ጥሩምባ ብቻ ነበር።

ማን ቀድሞ ከቤት እንደወጣ ኋላ ላይ አንዳቸውም አላስታወሱም። ፒካፑ ውስጥ ሚስት በመሀል ተቀምጣ ነበር፣ ጭንብሉ ጉልበቷ ላይ። ባልየው በካልሲው እንደሆነ መሪውን ይዟል። አረንጓዴ መብራት እንኳን ግራ ቀኝ ሳያይ የማያልፍ ሰውዬ፣ ቀዩን ጥሶ አለፈ።

«የዚያን ቀን» አለች ሚስት፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «አንተ የት ነበር የቆምከው?»

«የየትኛውን ቀን?»

«ድምቡሼ ያስታወከ ቀን።»

«በሩ ጋ። ገመዱን እየሳብኩ።»

«እሱስ?»

«ከውስጥ። ከግድግዳው ሥር።»

«ነፋሱስ ወደየት ነበር የሚነፍሰው?»

ፒካፑ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ወጣ።

«ወደ ውስጥ ነበር አይደል? እሱ ላይ።»

«አላስተዋልኩም።»

«ማን አየ?» አለች ሚስት። ለመሳለቅ አልነበረም። በእውነት ጠየቀችው። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን ጥያቄ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማት፣ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ተናደ። ታናሽ እህት በመስታወቱ ውስጥ አየችው።

መጋዘኑ በር ላይ ሾፌሮች ተሰብስበዋል። አንዱ ሸሚዙን አፉ ላይ አስሮ ለመግባት ይሞክርና፣ እያሳለ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከውስጥ ግማሹ የተገለጠ ሸራና የጆንያ ክምር ይታያል። ከክምሩ ጥግ አንድ ጫማ ወጣ ብሏል። ጫማው አይንቀሳቀስም።

ባልየው ፒካፑን ሳያጠፋ ዘሎ ወረደ። ሮጠ። ታናሽ እህትም ከኋላው ሮጠች። ጋሼ፣ አይግቡ ልትለው አፏን ከፍታለች፤ እንደዚያው ባዶ ፊቱን ይዞ ዘው እንደሚል እርግጠኛ ነበረች።

የበሩ ደፍ ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ።

ወደ ኋላው አልዞረም። ቀኝ እጁን ብቻ ወደ ኋላ ዘረጋና መዳፉን ከፈተ። ሚስቱ ጭንብሉን አስያዘችው። የማጣሪያውን ላስቲክ በጥርሱ ቦጨቀ፣ አዙሮ አጠበቀ፣ ጭንብሉን ፊቱ ላይ አጠለቀ፣ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ሳበ፣ በመዳፉ ቀዳዳውን ዘግቶ ትንፋሹን ሞከረ። ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረገው፤ ጣቶቹ አንዷን ነገር አልረሱም። ከዚያ ገባ።

ታናሽ እህትን ከጫማው ይልቅ ያቺ ወደ ኋላ የተዘረጋች እጅ አስደነገጠቻት። ጠዋት ወቅጦ በልቷል። ግን እጁን ዘረጋ።

ድምቡሼን በብብቱ ይዞ እየጎተተ አወጣው። ሾፌሮቹ ደጅ ላይ ተረባርበው ተቀበሉት። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ይተነፍሳል፤ ግን ትንፋሹ የተሰበረ ነበር፣ እንደሚንኮሻኮሽ ወረቀት።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሟ ባልየው ይዞት የመጣውን የክኒን ቆርቆሮ አገላብጣ አነበበች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

«ይህ ጋዝ ማርከሻ የለውም» አለች። «ልቡንና ትንፋሹን እየደገፍን እንጠብቃለን። እስከ ነገ ከቆየ ይተርፋል። እርስዎም ጥቂት ገብቶብዎት ሊሆን ስለሚችል ከዚህ አይሂዱ። ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።»

«ምንም አልሆንኩም» አለ ባልየው።

«ማን አየ?» አለች ሚስቱ፤ ትከሻውን ይዛ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

የድምቡሼ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ተነስታ እንደሮጠች ነው የመጣችው፤ ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቀሚሷ ላይ የክር ቁርጥራጭ ሞልቷል። አላለቀሰችም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ የባሏን ቁርጭምጭሚት በሁለት እጇ ይዛለች፤ የምትለቀው የሚሄድባት ይመስል።

ከሰዓት በኋላ ድምቡሼ ዓይኑን ገለጠ። ኦክስጅኑን ከአፉ ገፋ አድርጎ አለቃውን ፈለገ።

«ጥፋቱ የኔ ነው አለቃ» አለ። ድምፁ ከሩቅ ነው የሚመጣው። «የዛሬውን ሳልበላ ገባሁ። የየቀኑ በየቀኑ ነው ተብሎ የለ? ሰነፍኩ።»

ታናሽ እህት ወደ አልጋው ቀረበች። ይህችን ቃል ዛሬ ካልመለሰቻት፣ ይህ ሰውዬ ድኖ ሲወጣ ተመልሶ ወደዚያው ጋዝ እንደሚገባ ታያት። «ወንድሜ፣ ስማኝ። ማርከሻው ውሸት ነው። ብትበላውም ኖሮ እንደዚሁ ነበር የምትሆነው።»

«በሬዲዮ ሰምቼሻለሁ እኮ» አለ ድምቡሼ፤ ለመሳቅ ሞከረ።

«አሁን ደግሞ በአካል ቆሜ አይደለም ነው የምልህ! ያወራሁት ታሪክ ነው። አባባሉ ራሱ እንደዚህ ያለውን ነገር አትመኑ ነው የሚለው!»

«ደንግጠሽ ነው። አይዞሽ። አልሞትኩም እኮ።»

አይዞሽ አላት! ከንፈሩ ገና ቀለሙን ያላገኘ ሰውዬ እሷን አጽናናት።

ባልየው ከአግዳሚው ወንበር ተነሳ። ፊቱ ላይ የጭንብሉ ጠርዝ ያተመው ክብ መስመር ገና አልጠፋም።

«ነፋሱ ነው» አለ። «የዚያን ቀን እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ አንተ ከውስጥ። ነፋሱ ወደ አንተ ነበር የሚነፍሰው። አላስተዋልኩም ነበር። በለሱም፣ ዋልነቱም ምንም አላደረጉልኝም። ዛሬ አንተን ላወጣ ስገባ ጭንብል አድርጌ ነው የገባሁት። ሰምተኸኛል?»

ድምቡሼ ራሱን ትራሱ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገ።

«እርስዎ ደግሞ አለቃ፣ መቼ የሆነ ነገር አምነው ያውቃሉ? ቆይተው መጠራጠርዎ አይቀርም ብዬ ነበር። እኔ ግን አይቻለሁ። አንድ ነገር አልሆኑም እኮ።»

«ሰውዬ፣ ተሳስቼ ነው እኮ የምልህ!»

«ቢሳሳቱ ኖሮ ይሞቱ ነበር።»

«አንተ ልትሞት አልነበር እንዴ!» የባልየው ሚስት መጮህ ጀመረች። ነርሷ ገብታ ዝም በሉ አለች። ሐኪሟም ድምፁን ሰምታ መጣች፤ ምን ሆናችሁ ስትል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነግሯት ጀመር፤ ንጉሡን፣ በለሱን፣ ነፋሱን፣ ሬዲዮውን። ሐኪሟ መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰላት። ከዚያ የባልየውን ፊት አየችና እጇ ላይ የያዘችው ወረቀት ተንሸራቶ ወደቀ።

«በልታችሁ ነው ጋዝ ውስጥ የገባችሁት? በዚህ ዘመን?»

«ዘመኑ ምን አደረገ?» አለ ድምቡሼ ከትራሱ።

«ኦክስጅኑን አፍዎ ላይ ይመልሱ!»

በዚህ ሁሉ መካከል የድምቡሼ ሚስት ተነሳች። ትራሱን ልታስተካክል ጎንበስ ብላ በባሏ ጆሮ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም በዓይኑ አዎ አላት። ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ ጠቀለለችና እግሩ ሥር አስቀመጠችው። ቀሚሷ ላይ ያለውን ክር በመዳፏ አራገፈች።

«አንድ ጊዜ ብቻ ስሙኝ» ትላለች ታናሽ እህት፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። «ከጨው ቅንጣት ጋር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።»

ልብስ ሰፊዋ በነርሷና በግድግዳው መካከል ሾልካ ወጣች። ኮሪደሩን ጨርሳ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ ከዋናው በር ውጭ ያለውን መንገድ ተሻገረችና የደረቀ በለስ የሚሸጡት የፍራፍሬ ሱቆች ወደተደረደሩበት በኩል ታጠፈች።